ስለ ወሲብ ሕይወት ልታጠኑ ደሴና ኮምቦልቻ ስትወጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

የሶሺዮሎጂ ተማሪዎች በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠሩ ብዙው ጥፋት የሚፈጸመው ገና መጠይቁ ሲዘጋጅ ነው። ኮምፒውተር ላይ ከደረሰ በኋላ አይታረምም።

የመጀመሪያውና ትልቁ የቃል ስህተት ነው። «ፓርትነር» (በእንግሊዝኛ መጠይቅ፣ ወሲብ የፈጸሙት ሰው) የሚለውን «የፍቅር ጓደኛ» ብለው ይተረጉሙና «እስካሁን ስንት የፍቅር ጓደኛ ነበረዎት?» ይላሉ። አንዲት የሸዋ በር እናት «ኧረ ልጄ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ!» ትላለች፤ ጠያቂው ዜሮ ይሞላል። የአራት ልጆች እናት ዜሮ! ባሏን በጓደኛ አልቆጠረችውም፣ ደግሞም ልክ ናት። «አጋር» ብትሉም አይሻልም፤ የኮምቦልቻ ነጋዴ የሚታየው የንግድ ሸሪኩ ነው። መጀመሪያ ስለ ትዳር ጠይቁ፣ ከዚያ ከትዳር በፊት፣ በመጨረሻ ከትዳር ውጭ። «ግንኙነት» ስትሉም ምን ማለታችሁ እንደሆነ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። እኔ እንዳየሁት የሚያፍረው ብዙ ጊዜ ጠያቂው ነው።

ቡና ላይ አትጠይቁ። አማት ጥግ ይዛ፣ ጎረቤት ቶናውን እየጠበቀች የሚሰጥ መልስ የይሉኝታ መልስ ነው። ቡናውን እስከ በረካው ጠጡ፣ መጠይቁን ለብቻ ያዙት፤ ሴትን ሴት ትጠይቅ።

ያገኙትን ፈቃደኛ ሁሉ መጠየቅም አለ። በፈረንጆቹ 1948 አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ኪንሴይ ስለ አሜሪካ ወንዶች የወሲብ ሕይወት ያወጣው ጥናት ከ5,000 በላይ ሰው ነበረበት፤ ግን ፈቃደኞችና እስረኞች በዝተውበት ነበርና በ1954 ሦስት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ናሙናውን ክፉኛ ተቹት። በ1992 የቺካጎ ተመራማሪዎች በዕጣ የመረጧቸው 3,432 ሰዎች የተሻለ ሥዕል ሰጡ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ቆማችሁ ከፈረቃ የሚወጡትን ብቻ ጠይቃችሁ «የኮምቦልቻ ሴቶች» ብላችሁ አትጻፉ።

ወንዶች አብረዋቸው የተኙትን ሰዎች ቁጥር ከሴቶች አብልጠው ሲናገሩ «ወንዶቹ ዋሹ» ብሎ ማለፍም ችኮላ ነው። እርግጥ የወንዱና የሴቱ ቁጥር እኩል በሆነበት፣ ከውጭ ሰው በማይገባበት ሕዝብ ውስጥ ሁለቱ አማካዮች እኩል መሆን አለባቸው። ነገር ግን ወንዱ ወደ 5 ወይም 10 ያጠጋጋል፣ ሴቷ ትቀንሳለች፤ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩትን ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞር መጠይቅ አያገኛቸውምና የሴቶቹ ድምር ይጎድላል።

ዘመን መቀላቀልን በአጭሩ፦ ልደቷን በእኛ፣ ጋብቻዋን በፈረንጅ ካሰላችሁ በ15 ዓመቷ የተዳረችው ልጅ 22 ወይም 23 ትሆንላችኋለች። ሕጉ ካስቀመጠው 18 ዓመት በላይ አደረጋችኋት ማለት ነው።

ስም መደበቅ ይበቃል ማለትም ስህተት ነው። «የ34 ዓመት፣ ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ሱቋን ሳትዘጋ ማን እንደሆነች ይታወቃል።