አሮጌ የሳይንስ መጻሕፍትን ለዲጂታል ሥራ ሲመርጡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ችግር፦ ብዙ ሺህ ገጽ ስካን ተደርጎ የሚያነበው ሰው ይጠፋል።

ጎጃም ውስጥ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ይህ የደረሰብን ገና በመጀመሪያው ዙር ነው። መጻሕፍቱን የመረጥነው በመደርደሪያቸው ተራና በዕድሜያቸው ስለነበር፣ ቀድመው ስካነር ላይ የወጡት በየትኛውም አገር የሚገኙ የሒሳብና የፊዚክስ መማሪያዎች ሆኑ፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የተጻፉት ግን አቧራ እንደለበሱ ቀሩ። የስህተቱ ምንጭ ዕድሜን የጥቅም መለኪያ ማድረጋችን ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ የኬሚስትሪ መማሪያ ከታሪክ አጥኚ በቀር ፈላጊው ጥቂት ነው፤ በዕፅዋትና በእንስሳት ጥናት ግን የአንድ ዝርያ ሳይንሳዊ ስም መጀመሪያ የወጣበት ጽሑፍ ሁለት መቶ ዓመት ቢሞላውም ዛሬም ይጠቀሳል።

መፍትሄው ምርጫውን የመስኩ ሊቃውንት ካዘጋጁት ቢብሊዮግራፊ (በመስኩ የተጻፉትን ሥራዎች ከሚዘረዝር ማውጫ) መጀመር ነው። ለዕፅዋት፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ኩፎዶንቲስ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1972 ብራሰልስ ውስጥ በተከታታይ ያሳተመው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ዝርዝር በየዝርያው ሥር የቀደሙትን ጽሑፎች ይጠቁማል፤ ስታፍሉና ካዋን ያዘጋጁት የዕፅዋት ሥነ ጽሑፍ መመሪያ ደግሞ የየመጽሐፉን እትም፣ ክፍልና ትክክለኛ የመውጫ ጊዜ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን ይዞ ከራስ ካታሎግ ጋር ማመሳከር፣ ደጋግሞ የሚጠቀሰውንም ማስቀደም ይገባል። ቢብሊዮግራፊ በሌለበት መስክ አዲሱን ጥናት ይዞ በዋቢዎቹ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ ለጣናና ለዓባይ ውኃ ይህ መንገድ ግራብሃምና ብላክ ስለ ጣና ሐይቅ ወዳወጡት የ1925 ሪፖርት፣ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ወደነበረው ቺዝማን የ1936 መጽሐፍና የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ በ1964 ወዳወጣቸው የዓባይ ተፋሰስ ጥራዞች ያደርሳል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ችግር፦ በመጽሐፉ ላይ ያለው ዓመትና በቢብሊዮግራፊው ያለው አይገጥሙም።

በዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ይገባል፤ ምክንያቱም በዝርያ ስያሜ ቀድሞ የታተመው ስም ስለሚጸና አንድ ዓመት ብዙ ይለውጣል። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሩፔል የሰየመው የጣና ባርበስ ዓሣ በአንዳንድ ጥናቶች 1835፣ በሌሎች 1836 ተብሎ ይጠቀሳል። የቆዩ ሥራዎች ብዙ ጊዜ በየክፍሉ እየታተሙ ስለወጡ በርዕሱ ገጽ ላይ ያለው ዓመት የአንዱ ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ፣ ከቢብሊዮግራፊው የተገኘውን ደግሞ በሌላ ቦታ መመዝገብ፣ የየክፍሉ ልባስ ወረቀት ሳይጣል ከተረፈም አብሮ ስካን ማድረግ ያስፈልጋል። በአገር ውስጥ ለታተመ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ካልተጻፈ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይገባል።

ችግር፦ መጽሐፉ ቀድሞ በሌላ ቦታ ስካን ተደርጎ ይገኛል።

መንስኤው በርዕስ ብቻ መፈለግ ነው፤ የመጽሔት ጽሑፍ በመጽሔቱ ስም ሥር ስለሚቀመጥ ከዓይን ይሰወራል። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ፣ ሃቲትረስትና ኢንተርኔት አርካይቭ የተባሉትን የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በደራሲ፣ በመጽሔትና በቅጽ ቁጥር መፈተሽ ይገባል። ተገኘ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ የተጣጠፉ ካርታዎች ሳይዘረጉ ስካን የተደረጉባቸው ቅጂዎች ብዙ ናቸው። የራስን ቅጂ ገልጦ ሥዕላዊ ገጾቹን ከቢብሊዮግራፊው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ መቁጠር ያስፈልጋል። ገጽ የተቀደደ እንደሆነ በስፌቱ ጥግ ላይ ጣት ሲያልፍ የሚሻክር ቀጭን የወረቀት ጠርዝ ይቀራል፤ እሱን ሳያዩ የተሟላ ነው ብሎ መመዝገብ አይገባም። የእኛ ካርታ ሙሉ ሆኖ የሌላው ከጎደለ ካርታውን ብቻ ስካን ማድረግ ይበቃል።

ችግር፦ በእጅ ያለው ጽሑፍ በየትኛውም ቢብሊዮግራፊ ውስጥ የለም።

በቅድሚያ ስሙን አገላብጦ መፈለግ ነው፤ የውጭ አዘጋጆች ኢትዮጵያዊ ደራሲን በአባቱ ስም ሥር ያስቀምጡታል። ያም ሆኖ ካልተገኘ፣ በተለይ በስቴንስል (በቀለም ማባዣ ወረቀት) የተባዛ የአፈር፣ የሰብል ወይም የዓሣ ጥናት ከሆነ፣ ሌላ ቅጂ ላይኖረው ስለሚችል በእኔ እምነት ከታዋቂው መጽሐፍ ይቅደም።

ችግር፦ ስካኑ ካለቀ በኋላ የባለመብትነት ጥያቄ ይነሣል።

የደራሲው የሞት ዓመት በምርጫው ጊዜ አልተመዘገበም ማለት ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃው የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሲሆን፣ በእንግሊዝ 70 ዓመት ነው። በኢንተርኔት የሚለቀቀው ባሕር ማዶም ስለሚነበብ ሁለቱንም አስልቶ በምርጫው ቅጽ ላይ ማስፈር ያስፈልጋል።