በጾም ቀን የሕንድ ምግብ ቤት ራት ለሚጋበዙ የባሕር ዳር ሰዎች

ከባሕር ዳር ለሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ለንግድ ወደ ዱባይ ወይም ለሕክምና ወደ ዴልሂ የሚሄድ ሰው ደረጃው ከፍ ያለ የሕንድ ምግብ ቤት ውስጥ ራት ሊጋበዝ ይችላል። ግብዣው ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል፣ ወይም በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ ብዙዎቻችን «ሕንዶች ሥጋ ስለማይበሉ የሚጾም ሰው እዚያ አይቸገርም» ብለን እንሄዳለን። ይህ ግምት ሁለት ጊዜ ይስታል፤ በመጀመሪያ ሥጋ የሚበላው ሕንዳዊ ብዙ ነው፤ ከዚህም በላይ ሥጋ የማይበላው ሕንዳዊ እንኳ ወተት፣ እርጎ፣ አይብና ቅቤ ይበላል። እንዲያውም ሥጋ የሌለበት የሰሜን ሕንድ ወጥ ጣዕሙን በአመዛኙ የሚያገኘው ከእነዚሁ ነው።

ስለዚህ የምግብ ዝርዝሩን ሲከፍቱ «ቬጅ» (ሥጋ የሌለበት) የሚለው ክፍል ወይም ከምግቡ ስም አጠገብ የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ አያዘናጋዎት። ነጥቡ በሕንድ አገር በታሸጉ ምግቦች ላይ በሕግ የሚደረግ ምልክት ሲሆን፣ የሚያረጋግጠው ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አለመኖሩን እንጂ ቅቤና ወተት አለመኖሩን አይደለም። ፓኒር የሚባለው ተጨምቆ በኩብ የተቆረጠ አይብ ነው፤ ማካኒ የሚል ቅጥያ ያለው ምግብ ቅቤ፣ ማላይ የሚል ደግሞ ክሬም አለው፤ ኮርማ ብዙውን ጊዜ በእርጎ ወይም በክሬም ይሠራል፤ ጊ ደግሞ ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ነው። እነዚህን አምስት ስሞች የያዘ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያለ ማንም እርዳታ መዝለል ይችላል።

የቀረውን ግማሽ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚሻለውም አስቀድሞ ስልክ ደውሎ ጠረጴዛ ሲይዙ መጠየቅ ነው። ምክንያቱ ከወጥ ቤቱ አሠራር ይመነጫል። አንዳንዱ ምግብ ቅቤው ከመጀመሪያው የሚገባበት ነው፤ ለምሳሌ ዳል ማካኒ ከጥቁር ጥራጥሬና ከቦሎቄ ተዘጋጅቶ፣ በቅቤና በክሬም ለረጅም ሰዓታት በዝግታ የሚበስል በመሆኑ አስተናጋጁ የቱንም ያህል ቢተባበር ቅቤውን መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ዳል ታድካ ግን የተቀቀለ ምስር ወይም ክክ ሆኖ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ በትኩስ ቅባት ተቁላልተው በመጨረሻ የሚፈሱበት ምግብ ነው፤ ስለዚህ ቁሌቱ በጊ ፋንታ በዘይት ይሁንልኝ ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከሆኑ «የጾም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል ብለው አያስቡ፤ አስተናጋጁ የጾምን ትርጉም ቢያውቅም ወጥ ሠሪው ላያውቅ ስለሚችል «ቅቤ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ክሬምና እንቁላል የሌለበት» ብለው ይዘርዝሩ። ውጭ አገር ከሆነ «ቪጋን»፣ ማለትም ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር የሌለበት፣ ማለት ይቀላል።

ከሚመረጡት መካከል የሽምብራ ወጥ የሆነው ቻና ማሳላ፣ ድንችና አበባ ጎመን የሆነው አሉ ጎቢ፣ የባሚያ ምግብ የሆነው ቢንዲ ማሳላ፣ እንዲሁም በእሳት ተጠብሶ የሚፈጨው ብርንጃል፣ ማለትም ባይንጋን ባርታ፣ በዘይት ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። ከዳቦ በኩል ናን ያጠራጥራል፤ ሊጡ እርጎ ወይም ወተት፣ አንዳንዴም እንቁላል ይገባበታል፤ ታንዱር ከሚባለው የሸክላ ምድጃ ሲወጣም ቅቤ ይቀባል። ታንዱር ሮቲ የሚባለው ቂጣ ግን በመሠረቱ ዱቄት፣ ውኃና ጨው ነው፤ «ቅቤ አይቀባ» ብለው ይዘዙት። የደቡብ ሕንድ ምግብ ካለ ደግሞ እኔ መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው፤ ዶሳ እንደ እንጀራችን ከቦካ ሊጥ፣ ማለትም ከሩዝና ከጥራጥሬ፣ በምጣድ ላይ ስስ ተደርጎ የሚጋገር ሲሆን፣ ምጣዱ በዘይት እንዲቀባ ከነገሩ የሚያሰጋ ነገር አይኖረውም። ሳምባር የሚባለው የምስር ሾርባም አብሮት ይቀርባል።

የዓሣው ጉዳይ ለእኛ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተውና፣ በጣና ቀረሶና አምባዛ ያደገ ሰው ዓሣን ማንንም የማያስቀይም ምግብ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሥጋ የማይበላ ሕንዳዊ ጋባዥ ግን ዓሣን ከሥጋ አይለየውም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲያችን ሕንዳዊ መምህር ጋር፣ ወይም ከሕንዳዊ ነጋዴ ጋር ለራት ከተቀመጡ፣ ጋባዥዎ ምን እንደሚያዝ አይተው ይዘዙ፤ ዓሣ በብዛት ከሚበላበት ከምሥራቅ ሕንዱ ቤንጋል የመጣ ከሆነ ግን ዓሣውን አስቀድሞ የሚያዘው እርሱ ሊሆን ይችላል። በጾም ዓሣ የሚበሉም ቢሆኑ ፊሽ ቲካ የሚባለውን የዓሣ ጥብስ ይተዉት፤ በእርጎ የሚታሽ ነው። በኮኮናት ወተት የሚሠራው የጎዋ ወይም የኬራላ የዓሣ ወጥ ይሻላል።

በፍስክ ቀን ጉዳዩ ይቀላል። የታንዱር ዶሮ፣ በቅቤና በቲማቲም የሚሠራው የዶሮ ወጥ በተር ቺክንና ከሩዝ ጋር የሚበስለው የበግ ብርያኒ ለጀማሪ ጥሩ ናቸው፤ የበሬ ሥጋ ግን በብዙ የሕንድ ምግብ ቤቶች ስለሌለ ባይጠይቁ ይመረጣል። ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም፣ የሚበሉት የማን እርድ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ከማዘዝዎ በፊት አስተናጋጁን ይጠይቁ፤ ጥያቄው የተለመደ ስለሆነ ማንም አይከፋበትም።

በጠረጴዛው ላይ ወጡ በትንንሽ ሳህኖች ለሁሉም ይቀርባል፤ እያንዳንዱ ሰው በማንኪያ ወደ ራሱ ሳህን ያወጣል። ለአራት ሰው ሦስት ወጥ፣ አንድ ሩዝና ዳቦ በቂ ነው። በቀኝ እጅ መብላት እነርሱም ዘንድ የተለመደ ነው። ጉርሻ ግን ለሚቀርብዎ ካልሆነ ይቅር፤ በአፍ የተነካ እጅ ወይም ማንኪያ የጋራውን ምግብ እንዳይነካ ብዙ ሕንዳውያን ይጠነቀቃሉ። በመጨረሻ ሎሚ ያለበት ለብ ያለ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ከመጣ ለመታጠቢያ እንጂ ለመጠጥ አይደለም።

ከማዘዝዎ በፊት በዝርዝሩ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ 15 በመቶ ቫት፣ በአንዳንዱ ቤት ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በዋጋው ላይ ሊጨመር ይችላል። ከጣፋጮቹ ለጾመኛ ጉላብ ጃሙንና አይስክሬም መሰሉ ኩልፊ ሁለቱም ከወተት ስለሆኑ አይሆኑም፤ ማሳላ ሻይም በወተት ስለሚፈላ ያለ ወተት እንዲመጣልዎ ይናገሩ፤ ከሒሳቡ ጋር የሚቀርበውን በስኳር የተለበጠ የእንስላል ፍሬ ግን ያለ ሥጋት ይቃሙት።