ክረምት ሳይገባ፦ የአሸንዳ መውረጃ ቱቦ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ አካባቢ ባለ 120 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሐምሌ ዶፍ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,600 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሰፈር 18 በርሜል ማለት ነው። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው በሁለት ቱቦ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል።

በየቤቱ የማየው ችግር ተመሳሳይ ነው። ሰው የሚጠግነው ውኃው የታየበትን ቦታ ነው፤ ውኃው መንገዱን የሳተው ግን ሌላ ቦታ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። የቀሩት የቸልታና የርካሽ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ መሰላል መፈለግ

ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ጥሩ ቆርቆሮ ሠራተኛ ማግኘት ራሱ ዕድል ይጠይቃል፤ ሲገኝም ዋጋው ሌላ ነው። የጽዳቱ ጊዜ ግንቦት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የባሕር ዛፍና የጽድ ቅጠል፣ አቧራ፣ የእርግብ ጎጆ፣ ቁራ የጣለው አጥንት፣ ነፋስ ያነሳው ፌስታል ሁሉ አሸንዳው ውስጥ ሲጠራቀም ይከርማል። የበልጉ ካፊያ ያቦካዋል፣ የመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ ደግሞ ጠራርጎ ቱቦው አፍ ላይ ይቀረቅረዋል።

በልጉ ግን አንድ ጥቅም አለው፤ በነጻ የተገኘ ፈተና ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። የቱ መጋጠሚያ እንደሚያንጠባጥብ፣ የትኛው ጥግ ላይ አሸንዳው ሞልቶ እንደሚፈስ በዓይን ይታያል። ክረምቱ ከገባ በኋላም በረዶ በጣለ ማግስት አሸንዳውን ማየት ደግ ነው፤ በረዶ የዛፉን ቅጠል አርግፎ በአንድ ቀን ቱቦ ሊደፍን ይችላል።

የረጠበ ግድግዳን ቀለም ቀብቶ መገላገል

ይህ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስጨርሰው ስህተት ነው። ሰባ ደረጃ አካባቢ ባለ አንድ አሮጌ ቤት የሳሎኑ ግድግዳ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይቀባ ነበር፤ የገና በዓል ሳይደርስ ቀለሙ ያብጥና ይረግፋል። የቤቱ እመቤት «ልጄ፣ ልስኑ ነው መጥፎ፤ ቀለም አይዝም» አሉኝ። «እማማ፣ እስቲ መጀመሪያ ከውጭ በኩል እንየው» አልኳቸውና ዞርን። ውስጥ ያለው እድፍ ከወለሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ከውጭም በትክክል እዚያው ከፍታ ላይ የቱቦው መጋጠሚያ አለ፤ ከሥሩ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ሽበት ወርዷል። ልስኑ ምንም አላጠፋም።

እድፍ የት እንዳለ ማንበብ ከባድ አይደለም። ከኮርኒሱ ጥግ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ አሸንዳው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ወይ ተደፍኗል፣ ወይ ተዳፋቱ ተገልብጧል። ግድግዳው መሀል ላይ ከጀመረ መጋጠሚያ ወይም ዝገት የበላው ቱቦ ይጠርጥሩ። ከወለሉ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ታች ነው፤ ውኃው መሠረቱ ሥር እየፈሰሰ ነው። ስቱኮና ቀለም የሚመጣው ምንጩ ተደፍኖ፣ ግድግዳው ጥቂት ሳምንት ፀሐይ መትቶት ከደረቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከመጣ እርጥበቱን ውስጥ አምቆ ያስቀረዋል።

መጋጠሚያን ገልብጦ መግጠም

የሰባ ደረጃው ቤት በሽታ ይኸው ነበር። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ቱቦ ውስጥ መግባት አለበት። ያን ጊዜ ውኃው ከላይኛው ወጥቶ በቀጥታ ታችኛው ሆድ ውስጥ ይወድቃል። የታችኛው ወደ ላይኛው ከገባ ግን በቱቦው ግድግዳ የሚንሸራተተው ውኃ በየመጋጠሚያው ጠርዝ ይወጣና የቱቦውን ጀርባ ይዞ ይወርዳል። ከፊት ሲታይ ቱቦው ደረቅ ነው፤ ጀርባው ግን ክረምቱን ሙሉ ግድግዳውን ሲያጠጣ ይከርማል። ሠራተኛው የሚገለብጠው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ሲገጥም በዚያ በኩል ስለሚቀልለው ነው።

ይህንን በሲሊኮን ዙሪያውን በመቀባት ለማዳን መሞከር ሁለተኛ ጥፋት ነው። መፍትሔው ፋሸታዎቹን (ቱቦውን ግድግዳው ላይ የሚይዙትን ማሰሪያዎች) ፈትቶ ቱቦዎቹን ማዞር ብቻ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የላሜራውን ቱቦ የርዝመት ስፌት ይመልከቱ። ስፌቱ ወደ ግድግዳው መዞር የለበትም፤ ወደ ውጭ ወይም ወደ ጎን ይሁን። አንድ ቀን ቢከፈት ውኃው ወደ ግቢው ይፈሳል፣ እርስዎም ወዲያው ያዩታል።

የፒቪሲ ቱቦ ሌላ ጠባይ አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይ ቱቦውን ታግለዋለች። 3 ሜትር የሆነ ፒቪሲ በ30 ዲግሪ ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ማኒኮቶው (ሁለት ቱቦ የሚያገናኘው ማያያዣ) ውስጥ እስከ መጨረሻው ገፍቶ በማጣበቂያ ማሰር ቱቦውን ያጣምመዋል፣ ፋሸታውንም ይነቅለዋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተዉለት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፤ ለመሬት ውስጥ ፍሳሽ የተሠራ ቱቦ ደጅ ከዋለ ይደርቅና ኳስ ሲመታው ይሰነጠቃል። እሱን ካልቀየሩ ቢያንስ ቀለም ያልብሱት።

የተደፈነን ቱቦ ከላይ በእንጨት መጎርጎር

ከላይ የሚገፋ ነገር ሁሉ መጨረሻው ጎሚቶው (የታጠፈው መዞሪያ) ላይ ነው። እዚያ ተጠቅጥቆ ጠንካራ ውታፍ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ቱቦውን ከታች ጀምረው በጣትዎ አጥንት ኳ ኳ እያደረጉ ይውጡ። ባዶ የሆነው ይጮኻል፤ የታፈነው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ድፍን ይላል። ቦታው ከታወቀ በኋላ ከታች ያለውን ጎሚቶ ፈትተው፣ ጫፉ በታጠፈ ወፍራም ሽቦ ወደ ታች እየሳቡ ያውጡት። ውኃ የሚለቀቀው በመጨረሻ ነው። ውስጡ ውኃ ቋጥሮ ከሆነ ከፊቱ አይቁሙ፤ የወር ጭቃ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

አሲድና ሶዳ የሚያፈሱ አሉ። ቅጠሉ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም፣ የቆርቆሮውን ዚንክ ግን ይበላዋል።

የቱቦው አፍ ላይ ዝርግ ወንፊት መግጠምም እንዲሁ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ ቅጠል ከተኛበት ክዳን ሆነ ማለት ነው። ሽቦው ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ከተሠራ ቅጠሉ ጎንና ጎኑ ላይ ሲቀር ውኃው በአናቱ በኩል ይገባል።

ሁሉን ነገር በሲሊኮን መድፈን

ሲሊኮን በአቧራ፣ በዝገትና በእርጥበት ላይ አይዝም። እርጥብ ቱቦ ላይ በዝናብ መሀል የተቀባ ሲሊኮን እስከ ቡሄ አይደርስም። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮን ራሱ ያዝገዋል፤ ሲገዙ ለብረት የሚሆነውን፣ የማይሸተውን ይጠይቁ።

ደግሞስ ቀዳዳው የሚታየው የቱ ነው? ላሜራ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ፀሐይ በማያገኘው፣ ወደ ግድግዳው በዞረው ጀርባው ነው። ትንሽ የፊት መስታወት ከኋላ አስገብቶ ማየት ይቻላል። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ሲሉት የሚገባ ከሆነ ያንን ቁራጭ መቀየር ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሆኖ ዙሪያው ጤነኛ ብረት ከሆነ ግን በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ የቆርቆሮ እራፊ በሪቬት አጥብቆ ወይም በስታኞ በይዶ፣ ከዚያ ፀረ ዝገት መቀባት ዓመታት ያስኬዳል። ካትራሜ (ሬንጅ የተቀባ ንጣፍ) መለጠፍ የአንድ ክረምት ማዘናጊያ ነው።

አሮጌ ቤት ላይ የኢተርኒት ቱቦ ወይም ጣሪያ ካለ አይፋቁት፣ አይብሱት፣ በመጋዝም አይቁረጡት። የድሮው ኢተርኒት አስቤስቶስ አለበት፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው።

ፋሸታን ጭቃ ላይ መቸንከር

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ታቻቸው ድንጋይ፣ ላያቸው እንጨትና ጭቃ ነው። ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር በመጀመሪያው ክረምት ይላላል፣ ውኃ የሞላ ቱቦ ደግሞ ከባድ ነው። ፋሸታው መያዝ ያለበት ቋሚው እንጨት ላይ ነው፤ ግድግዳውን እያንኳኩ ቢፈልጉ ይገኛል። ብሎኬት ላይ ከሆነ ፊሸርና ቪቴ (የፕላስቲክ መሰኪያና ብሎን) ይጠቀሙ፣ በፋሸታና በፋሸታ መካከልም ከ2 ሜትር በላይ አይለፉ። ቱቦው ግድግዳውን እንዳይነካ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ቱቦን በልስን ወይም በኮሎን (በኮንክሪት ምሰሶ) ውስጥ መቅበር

ዘመናዊ መልክ ለመስጠት ሲባል በአዳዲስ ቪላዎች የተለመደ ነገር ነው። እኔ በጭራሽ አልመክርም። ሲደፈን የሚከፈትበት ቦታ የለም፤ ሲያፈስ ደግሞ የሚታወቀው ውስጥ ያለው ቁም ሳጥን ከሻገተ በኋላ ነው። ላሜራ ከሆነ እርጥብ ሲሚንቶው ራሱ ዚንኩን ይበላዋል። ቀድሞ የተቀበረ ካለዎት ቢያንስ ታች፣ መዞሪያው ላይ የሚከፈት ክዳን ያስወጡለት።

ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ

ላይ 110፣ ታች 75 ሚሊ ሜትር። የተረፈ ቱቦ ስለነበረ ብቻ! ወደ ታች መስፋት ይችላል፣ መጥበብ ግን አይችልም።

ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አለማሰብ

ቱቦው መሬት ሲደርስ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። ግድግዳ ሥር የሚፈስ ውኃ የመሠረቱን አፈር ያጥባል፤ ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ አፈሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱም አብሮት ይሰነጠቃል። ከቱቦው አፍ ጀምሮ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከግድግዳው የሚያርቅ፣ ተዳፋቱ ወደ ውጭ የሆነ የሲሚንቶ ቦይ ያስፈልጋል። ውኃው ከጎሚቶው ወጥቶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማስቀመጥ ርጭቱን ይቀንሰዋል።

ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ሽንት ቤት ፍሳሽ መስመር ማስገባት ከሁሉ የከፋው ነው። ሦስት ሺህ ሊትር በሰዓት ውስጥ ሲገባበት ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ግቢ ይገነፍላል፣ አንዳንዴም በሻወር ቤቱ ወለል በኩል ይመለሳል። የዝናብ ውኃ መሄጃው የጎርፍ መውረጃ ዲች ነው።

ጎረቤት ላይ ማፍሰስም አለ። አራዳና ልደታ ውስጥ በቀሩት አሮጌ መንደሮች ቤቶቹ ተደጋግፈው ስለቆሙ የአንዱ ቱቦ የሌላው ጓዳ ላይ ያርፋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል፤ ከሕጉ በፊት ግን ቡና ተጠርቶ መነጋገር ይሻላል። ብዙ ጊዜ በጋራ አንድ ቦይ ማስቆፈር ለሁለቱም ይረክሳል። የቀበሌ ቤት ከሆነ አሸንዳውን ወይም ጣሪያውን ከመንካትዎ በፊት ወረዳውን በጽሑፍ ያሳውቁ። በመንገድ ዳር ያለ ቤት ደግሞ፣ በተለይ የኮሪደር ልማቱ ባለፈበት፣ ቱቦውን ወደ እግረኛ መንገድ ከመልቀቅ ይልቅ ወደ ዲቹ የሚያስገባ መስመር ይጠይቁ።

ውኃውን ሮቶ ውስጥ ማጠራቀም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር በተለይ። ለልብስና ለአትክልት ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያመጣ ይፍሰስ። የሮቶው ትርፍ መውጫ ግን እንደ መግቢያው ሰፊ ካልሆነ በመጀመሪያው ዶፍ እዚያው መሠረቱ ሥር ይገነፍላል።

ሳይፈትኑ ሒሳብ መክፈል

መሰላሉ ከመነሳቱ በፊት ከላይ ያለውን የመብራት ሽቦ ይመልከቱ፤ በብዙ ሰፈር ገመዱ ከአሸንዳው የክንድ ርቀት ላይ ነው የሚያልፈው። ረጅም ብረት ቱቦ ይዞ መውጣት ካስፈለገ ሁለት ሰው ይሁን።

ሠራተኛው ጨርሻለሁ ሲል እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ደረቅ ጋዜጣ ይጠምጥሙ፤ በጎማ ወይም በባልዲ አሸንዳው ጫፍ ላይ ውኃ ያስለቅቁ። ከቱቦው አፍ በጣም በሩቁ ጥግ ይጀመር፣ ተዳፋቱም አብሮ ይፈተናል፤ በየሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ውኃው ቆሞ አይቀርም። ከዚያ ጋዜጦቹን አንድ በአንድ ፈትተው ጀርባቸውን ይዳስሱ። የረጠበ ካለ ሠራተኛው መሰላሉን ሳያነሳ እዚያው ያስተካክል፤ ቀሪው ሒሳብ ከዚያ በኋላ ነው።