በአንድ ሹራብ ጭማሪና ቅናሽ

የዋጋ ጭማሪና ቅናሽ የምታስተምሩ መምህራን፣ ከቀመሩ በፊት ሹራብ ይዛችሁ ግቡ። በደሴ ብርድ የሹራብ ዋጋ የማያውቅ ተማሪ የለም። «ነጋዴው በ500 ብር አምጥቶ 40 በመቶ ጨምሮ ለጠፈበት፤ ብርዱ ሲያልፍ 40 በመቶ ቀነሰለት። ምን አተረፈ?» በሏቸው። የእኔ ክፍል በአንድ ድምፅ «ዋናውን መለሰ!» አለኝ። አሁን ያስሉት፤ 500 ወደ 700 ወጣ፤ የዚህ 40 በመቶ 280 ነው፤ ሹራቡ በ420 ተሸጠ። 80 ብር ኪሳራ! ጭማሪው ከመግዣው፣ ቅናሹ ግን ከተለጠፈው ዋጋ ነው የሚሰላው። ደግሞ 500 ብሩ ከአዲስ አበባ የተጫነበትን ሂሳብ እንደሚጨምር አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ቤተሰቦቻቸው ሰኞ ገበያ የሚነግዱ ልጆች ካሉ ወዲያው ይይዟችኋል።