አሥር ከአሥር አግኝቶ ቃሉን አለማወቅ፦ በማዛመድ ጥናት ላይ የማያቸው ስህተቶች

ጎንደር ማራኪ አካባቢ እንግሊዝኛ ሳስጠና ዓመታት አልፈዋል። የእንግሊዝኛ ቃላትን በ«ሀ»፣ የእንግሊዝኛ ፍቺያቸውን በ«ለ» ረድፍ ደርድሮ ማዛመድ የምወደው መልመጃ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ አንድ ስህተት ግን አለ።

እሱም ሳያውቁ በመሰረዝ ብቻ መልስ ላይ መድረስ ነው። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየኋት። አሥር ቃል፣ አሥር ፍቺ። የምታውቃቸውን አራቱን አዛመደችና በእርሳስ ሰረዘቻቸው። ከዚያ ቃሉን ተወችና ጣቷን በፍቺዎቹ መነሻ ላይ ታወርድ ጀመር፤ በ«ቱ» የሚጀምረው ግስ፣ በ«ኤ» የሚጀምረው ስም። በ«ኖት» የጀመረው አንድ ብቻ ስለሆነ ለአንዱ ቅጽል ደረሰው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጭራሽ ሳይነበቡ ተገናኙ። አሥር ከአሥር! ወረቀቱን ገልብጬ «ሪላክታንት ማለት ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?» አልኳት፤ ቃሉ አንድ ነገር ለማድረግ ያልፈለገ፣ ያመነታ ማለት ነው። ትንሽ አሰበችና «ቲቸር፣ መልሱ "መ" ነው» አለችኝ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። መልመጃው ራሱ በር ከፍቶላታል። አስጠኚዎች፣ እባካችሁ ለአሥር ቃል አሥራ ሦስት ፍቺ ስጡ፤ ቃላቱም ሁሉም ግስ ወይም ሁሉም ቅጽል ይሁኑ። ተማሪዎች ደግሞ ብቻችሁን ስትሠሩ የ«ለ»ን ረድፍ በወረቀት ሸፍኑ፤ ፍቺውን መጀመሪያ በራሳችሁ አፍ ተናገሩ፣ ከዚያ ገልጣችሁ ፈልጉት። አፋችሁ ካልያዘው ቃሉ ገና የእናንተ አይደለም።

ቃሉን በአማርኛ ፊደል ብቻ ጽፎ መያዝም አይበጅም። «ሺፕ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ መርከብ ይሁን በግ አይለየውም።

ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መመደብ እኔንም ብዙ ዓመት ያንገላታኝ ስህተት ነው። «ዌር»ን «ለበሰ» ብዬ ያዝኩት። በእኛ ቋንቋ ልብስ ይለበሳል፣ ጫማ ይደረጋል፣ ሰዓት ይታሰራል፤ እንግሊዝኛው ለሦስቱም «ዌር» ይላል። እኔ ግን ሰዓት አሰርኩ ለማለት «ታይ» እያልኩ ኖርኩ፤ የሚያርመኝም አልነበረም። የእንግሊዝኛውን ፍቺ አንብቤ ቢሆን ኖሮ «በሰውነት ላይ ማድረግ» የሚለው ሁሉንም ባስጨበጠኝ ነበር።

ተቀራራቢ ቃላትን በአንድ ቀን አታጥኑ። «ቦሮው» እና «ሌንድ» ለእኛ ልጆች ፈተና ናቸው፤ በአማርኛ ተዋሰ እና አዋሰ ከአንድ ሥር ስለሚወጡ ጆሯችን እንደ አንድ ቃል ይሰማቸዋል። ፋሲል ግቢ በር ላይ አስጎብኚ ለመሆን የሚለማመድ አንድ ጎረምሳ እንግዳውን «ሌንድ» ማለት ሲገባው «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ሲል ሰምቻለሁ። አንዱን ሳምንት ሙሉ ተናገሩበት፤ ሌላው ከዚያ ይምጣ።

ከቃሉ የከበደ ፍቺ ያለበት መዝገበ ቃላት አትግዙ። የሎንግማን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው እትሙ፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ፍቺዎቹን 2000 ያህል በተመረጡ ቀላል ቃላት ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ፈልጉ፤ አሮጌ ቅጂም ይበቃል።

አንዴ አዛምዶ ደብተር መዝጋትም አለ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ መርሳት የሚፈጥነው ገና እንደተጠና መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ ድገሙት፤ ግን ቅደም ተከተሉን አፋልሱ። ያለዚያ የምታስታውሱት «መ»ን ነው።

ካዛመዳችሁ በኋላ ከራሳችሁ ቤት ዓረፍተ ነገር አምጡ። ያቺ ተማሪዬ በሳምንቱ ታናሽ ወንድሟ በብርዱ ጠዋት ከጋቢው ለመውጣት «ሪላክታንት» እንደሆነ ጽፋ መጣች። ያን ቀን ማርክ አልሰጠኋትም፤ ጮክ ብላ ለሁሉም እንድታነብ ብቻ ጠየቅኳት።