የተቀየረ ጉልበትና ዳሌ ቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል?

የእማዬ ቀኝ ጉልበት መጀመሪያ ከተቀየረ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው። ከሆስፒታል ወጥታ ጅማ ቤታችን ስትገባ ሁላችንም «ተገላገልን» አልን። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ብዙ ያገለግላል፦ ከ10 ጉልበቶች 8ቱ ገደማ፣ ከ10 ዳሌዎች ደግሞ 6ቱ ገደማ 25 ዓመት ይቆያሉ። መያዙን ማወቅ ነው።

መጀመሪያ በርጩማውን አንሱ። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ያምራል፤ ዳሌ ላስቀየረ ሰው ግን አይሆንም። ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ጉልበት ከዳሌ ከፍ ይላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ዳሌው ሊወልቅ ይችላል። ቡናም ቢሆን ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይፈላል። መጸዳጃ ቤቱም መቀመጫ ይኑረው።

ጉልበት ከሆነ ፊዚዮቴራፒውን አታስታጉሉ፤ ካልታጠፈ ይደርቃል። ለደም መርጋት የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ስጡ። ባት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

አሁን እኔ የተሳሳትኩበት ጋ ልምጣ። በሦስተኛው ዓመት ክረምት የእማዬ የእግር ጣቶች መሃል ተላልጦ መግል ያዘ። ናቅነው። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቷ አበጠ። በእጄ ጀርባ ስነካው ከግራው ይልቅ ይፋጃል። ፋርማሲ ሮጬ አሞክሳሲሊን ገዛሁ። አምስት ቀን ዋጠች፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ደስ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ብሶ ተመለሰ።

ሐኪሙ በመርፌ ፈሳሽ ወስዶ ላብራቶሪ ላከ። ምንም ጀርም አልታየም፤ እኔ የሰጠኋት መድኃኒት አዳክሞ ደብቆታል። መድኃኒት ካቆመች ሁለት ሳምንት ተጠብቆ እንደገና ሲወሰድ ነው የተገኘው። እስከዚያ ጀርሙ ጉልበቷ ውስጥ የተተከለው ብረት ላይ መድኃኒት የማያልፈው ዝልግልግ ሽፋን ሠርቷል። ቶሎ ቢደረስበት ታጥቦ ሊተርፍ ይችል ነበር። ብረቱ ወጣ፣ በቦታው ለጊዜው በመድኃኒት የተለወሰ የአጥንት ሲሚንቶ ገባ፣ ከወራት በኋላ ሌላ ጉልበት ተተከለ። እነዚያን ወራት በክራንች ስትንፏቀቅ አይቻታለሁና እባካችሁ ስሙኝ።

የተቀየረ መገጣጠሚያ ካበጠና ከጋለ ከፋርማሲ ምንም አንቲባዮቲክ አትግዙ። ወጌሻም አይሸው። መጀመሪያ ፈሳሹ ይመርመር። የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱ። የጥርስ መግልን፣ የእግር ቁስልን ቶሎ አሳክሙ፤ ጀርሙ በደም ተጉዞ ብረቱ ላይ ያርፋል። ይህ ከዓመታት በኋላም ይሆናል።

መውደቅም አደገኛ ነው፤ በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ይሰበራል። በጅማ ጭቃ ምርኩዙ ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፣ ሲያልቅ ይቀየር።

ከዓመታት በኋላ ሲነሱ የሚጀምር አዲስ ሕመም ብረቱ መላቀቁን ሊያሳይ ይችላል። አንዳንዴ ግን ሳያም ይላቀቃል፤ ስለዚህ ደህና ሆናችሁም ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ራጅ ተነሡ። የድሮውን ራጅ አትጣሉ፣ ሐኪሙ ለውጡን የሚያየው አስተያይቶ ነው። የእማዬ ሁሉም በአንድ ፌስታል ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል።