የኤአይ አስጠኚ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙዎቻችን አንድን የኤአይ አስጠኚ (ተማሪን የሚያስጠና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም) ስንሞክር ከበድ ያለ ጥያቄ እንጽፍለታለን። በትክክል ከመለሰ «ጎበዝ ነው» ብለን ለልጁ እንሰጠዋለን። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ተማሪው ምን እንደቀሰመ ገና አላየንም።

ቱርክ ውስጥ ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ጥናት አለ። እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ተራ ቻትቦት ይዘው የተለማመዱት፣ በልምምዱ ላይ ያለ እሱ ከሠሩት 48 በመቶ የተሻለ ውጤት አመጡ። ቻትቦቱ ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ከመጀመሪያውም ያለ እሱ ከተለማመዱት 17 በመቶ ዝቅ አሉ። መልሱን ከመንገር ይልቅ ፍንጭ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀው ሌላኛው ቻትቦት ይህን ጉዳት በአብዛኛው አስቀርቶታል። ስለዚህ አስጠኚውን ዘግተው ይፈትኑ። ከሳምንት በኋላ፣ በወረቀት፣ ቁጥሩና አቀራረቡ በተለወጠ ጥያቄ።

ሁለተኛው ስህተት እንደ አዋቂ አጥርቶ መጠየቅ ነው። ተማሪ እንደዚያ አይጠይቅም። «አልገባኝም» ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ይጽፋል። እርስዎም ልክ እንደዚያ ይጻፉለት። ደካማ አስጠኚ «መልሱ 5/6 ነው» ብሎ ያልፋል። ጥሩው «እንዴት አገኘኸው?» ይላል። ልጁ የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ እንደደመረ ይደርስበታል። ከዚያ «2/5 እኮ ከ1/2 ያንሳል፤ ጨምረንበት እንዴት አነሰ?» ብሎ ራሱ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ሳይከራከሩትም አይመኑት። ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ «መምህራችን ግን እንዲህ አላለችም» ይበሉት። አስጠኚዎቹ የሚሠሩባቸው የኤአይ ሞዴሎች ተጠቃሚውን ለማስደሰት ያዘነብላሉ። አንዳንዱ ወዲያው ይቅርታ ጠይቆ መልሱን ይቀይራል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ልጁ ስህተቱን ይዞ፣ ተመስግኖበት ይሄዳልና።

«ተማሪዎቹ ወደውታል» የሚለውም ብቻውን አያሳምነኝም። ሳይለፉ ያነበቡት ነገር የገባ ይመስላል። ሲጠየቁ ነው የሚጠፋው።

አንዴ ሞክሮ መፍረድም አለ። ያው ጥያቄ ዛሬና ነገ የተለያየ መልስ ሊያመጣ ይችላል። አዲስ ውይይት እየከፈቱ አምስት ጊዜ ይጠይቁት። በእንግሊዝኛ ጎበዝ የሆነው በሌላ ቋንቋ ሊደናገር ስለሚችል፣ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ይሁን። ጥያቄዎቹንም ደብተር ላይ ያስቀምጧቸው። ኩባንያው ሞዴሉን ባሻሻለ ቁጥር ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል።